ለትንሽ ውሻ ጥርስ የቱ ይሻላል? ለጅማ ውሻ አሳዳጊዎች የንጽጽር መመሪያ

የቤት ውስጥ ትንሽ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን አፍንጫውን ይዞ ይጠይቃል። «የዚህ ውሻ አፍ ለምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ምክር ሰጪ አይጠፋም። አንዱ አጥንት ወርውርለት ይላል። ሌላው በጨው እሸው ይላል። ሦስተኛው «ውሻ አይደል እንዴ፣ ሽቶ ሽቶ እንዲል ፈለግሽ?» ብሎ ይስቃል። ኢንተርኔት ሲከፈት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብሩሽ አለ፣ ማኘኪያ አለ፣ ውሃ ላይ የሚጨመር ፈሳሽ አለ፣ ሳያደነዝዙ መፋቅ አለ፣ በሙሉ ማደንዘዣ ማሳጠብ አለ።

ብዙ ሰው ከእነዚህ የሚመርጠው የጥርሱን ቢጫነት አይቶ ነው። መታየት ያለበት ግን ድዱ ነው። ድዱ ጤነኛ ከሆነ ሥራው እዚያው ቤት ያልቃል። ድዱ ከታመመ ቤት ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ላይ ላዩን ነው።

ትንሽ ውሻ ለምን ይብስበታል?

ያደገ ውሻ 42 ጥርስ አለው። ግቢ የሚጠብቀው ትልቁ ውሻም፣ ሶፋ ላይ የሚተኛው ቺዋዋም እኩል ናቸው። ልዩነቱ መንጋጋው ነው። በትንሽ መንጋጋ ላይ ጥርሶቹ ይጣበባሉ፣ ይጣመማሉ፣ በመካከላቸው ምግብ ይቀራል። ማልቲዝ፣ ፑድል፣ ሺ ዙ ወይም ፔኪኒዝ ያላችሁ ከንፈሩን ብታነሱ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

በሽታው የሚጀምረው ጥርሱ ላይ ከሚለጠፍ ስስ የባክቴሪያ ልባስ ነው። ፕላክ ይባላል። ካልጸዳ ምራቅ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር ተዋህዶ በጥቂት ቀናት ይደነድናል። ታርታር የሚሉት ያን ቡናማ ቅርፊት ነው። ፕላክን ብሩሽ ያነሳዋል፣ ታርታርን ግን አያነሳውም። ይሁንና ጥርስ የሚያስነቅለው ዋናው ጠላት ከድዱ ሥር የገባው ባክቴሪያ ነው። ድዱ ያብጣል፣ ከጥርሱ ይላቀቃል፣ ከዚያም ጥርሱን የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ ይበላል። ሦስት ዓመት ያለፋቸው አብዛኞቹ ውሾች በተወሰነ ደረጃ ይህ ችግር አለባቸው።

በትንንሾቹ ላይ መዘዙ ይከፋል። የታችኛው መንጋጋቸው ቀጭን ነው፣ አብዛኛውን ቦታም የጥርሱ ሥር ይዞታል። አጥንቱ ከሳሳ ከሶፋ በመዝለል ብቻ መንጋጋው ሊሰበር ይችላል። በሽታው ላይኛው ክራንቻ ላይ ከሆነ ወደ አፍንጫ ቀዳዳ ሊከፍት ይችላል። ያኔ ውሻው አሥሬ ያስነጥሳል፣ አንዳንዴም ከአፍንጫው ደም ይመጣል። ባለቤቱ ጉንፋን ይመስለዋል።

ቡችላ ካላችሁ ደግሞ የወተት ጥርሱን ተከታተሉ። 28 ናቸው፣ ሰባት ወር እስኪሞላው ሁሉም መውደቅ አለባቸው። በትንንሽ ዝርያዎች አሮጌው ክራንቻ ሳይወድቅ አዲሱ በጎኑ ብቅ ይላል። ሁለት ክራንቻ ጎን ለጎን ካያችሁ ሐኪም ይንቀለው። ውሻውን ለማምከን ካሰባችሁ በዚያው ማደንዘዣ እንዲነቀል ጠይቁ።

ከንፈሩን ከማንሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ የክትባት ካርዱን አውጡ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፣ የሚተላለፈውም በምራቅ ነው። ክትባቱ ያልታደሰ ውሻ አፍ ውስጥ ጣት አይገባም። «ከግቢ አይወጣም» የሚለው መልስ አይሠራም። የጅማ ግቢ አጥር ምን ያህል የሌላ ሰው ውሻ እንደሚያሳልፍ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። ደህና የነበረ ውሻ በድንገት ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መንጋጋው ተንጠልጥሎ አልዘጋ ካለ፣ መዋጥ ካቃተው፣ «አጥንት ተሰክቶበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አትስደዱ። የእብድ ውሻ በሽታ አንዱ መልኩ ልክ ይኸው ነው። በሩን ዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ጋ ደውሉ። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ያኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

ክትባቱ ካለ ውሻውን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ የጎን ከንፈሩን ቀስ ብላችሁ አንሱ። አፉን መክፈት አያስፈልግም። ጤነኛ ድድ ሐመር ሮዝ ነው። አንዳንዱ በተፈጥሮው ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ ያ ችግር የለውም። ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር ካለ በሽታው ጀምሯል። ሲነኩት የሚደማ፣ የሸሸ ድድ፣ መግል፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ከዓይኑ ሥር ያበጠ ጉንጭ ካያችሁ ግን ነገሩ ከብሩሽ አልፏል። ውሻ የጥርስ ሕመሙን ይደብቃል። መብላት ስላላቆመ አላመመውም ማለት አይደለም። በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ፣ ምግብ አፉ ገብቶ መልሶ የሚጥል፣ ፊቱን በእግሩ የሚያሽ ከሆነ ያ ለእናንተ በቂ ምልክት ነው።

ብሩሽ

ድዱ ጤነኛ ከሆነ፣ ወይም ጠርዙ ላይ ትንሽ ከቀላ ብቻ፣ ከብሩሽ የሚበልጥ ነገር የለም። ርካሽም ነው። ለሕፃን የሚሸጠው ለስላሳና ትንሽ ብሩሽ ለትንሽ ውሻ በደንብ ይሆናል። እሱም ከሌለ ጣት ላይ የተጠቀለለ ጎዝ ለጅማሬ ይበቃል።

ኮልጌት አትጠቀሙ። የሰው የጥርስ ሳሙና አረፋ ያወጣል፣ ፍሎራይድ አለው፣ ውሻ ደግሞ መትፋት አያውቅም። አንዳንዱ ውስጥ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለ። ለሰው ምንም አይደለም። ለውሻ ግን መርዝ ነው፤ የደሙን ስኳር በድንገት ያወርደዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። ስኳር የለውም ተብሎ የሚሸጥ ማስቲካም ይኼው አደጋ አለበት። ለውሻ የተሠራ ሳሙና ካላገኛችሁ በውሃ ብቻ ቦርሹ። ፕላኩን የሚያነሳው ፍትጊያው ነው፤ ሳሙናው ጣዕም ሰጥቶ ውሻውን ለማባበል ነው። ጨው፣ ሎሚ፣ ከሰል፣ የዳቦ ሶዳ ይቅርባችሁ። የመፋቂያ እንጨትም ድዱን ይወጋል።

ዘዴው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ ሰሞን ከንፈሩን ማስነካት ብቻ፣ ከዚያ ጣት፣ ከዚያ ጎዝ፣ ከዚያ ብሩሽ። ከተጣደፋችሁ ብሩሹን ባየ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል። የሚቦረሸው በዋናነት በጉንጩ በኩል ያለው ገጽ ነው። ውስጡን ምላሱ ያግዛል። ከላይ ያለውን ትልቁን መንጋጋ ጥርስና ክራንቻውን አትርሱ፣ ታርታሩ የሚቆለለው እዚያ ነው። በየቀኑ ቢሆን ጥሩ፣ ቢያንስ በየሁለት ቀኑ። በሳምንት አንዴ መቦረሽ ለኅሊና እንጂ ለጥርስ አይደለም፤ በመሃሉ ፕላኩ ደንድኖ ያልፋል።

የብሩሽ ድክመት አንድ ነው። የታመመ ድድን አያድንም፣ ያሳምመዋል እንጂ። ውሻው ብሩሹን ከሕመም ጋር ካያያዘው በኋላ መልሶ ማስለመድ ፈተና ነው። ድዱ እየደማ ከሆነ መጀመሪያ ሕክምናው ይቅደም።

በነገራችን ላይ፣ ግቢ ለምትጋሩ። ብሩሹንና የውሻውን ሳህን የጋራ ቧንቧ ሥር አትጠቡ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ይከብዳቸዋል፣ ለሶላት የሚታጠቡትም እዚያው ነው። ለብቻ ባልዲ ማዘጋጀት ምንም አይከብድም።

ማኘኪያ፣ የሚጨመር ፈሳሽ፣ አጥንት

ለጥርስ ተብለው የሚሸጡ ማኘኪያዎች ረዳት ናቸው። ብሩሽን አይተኩም። አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ካስመጣችሁ በመጀመሪያ የማብቂያ ቀኑን አስነብቡት። በአሜሪካ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት አለ፤ በተግባር ፕላክ ወይም ታርታር መቀነሱ ለተረጋገጠ ምርት ማህተሙን ይሰጣል። ማህተሙ ያለበትን ምረጡ። መጠኑም ለውሻው ክብደት የተሠራ ይሁን። ለትልቅ ውሻ የተሠራውን ሦስት ኪሎ ለማይሞላ ውሻ መስጠት ወይ ያንቀዋል ወይ ያወፍረዋል። ውሃ ላይ የሚጨመሩት ፈሳሾች ከሁሉም ደካማ ናቸው፤ እኔ ገንዘቤን አላወጣባቸውም። ለሰው የተሠራ የአፍ መጉመጥመጫ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

አጥንትን በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር እንደምጣላ አውቃለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር የበሬ ቅልጥም ለውሻ ይጣላል። ጠንካራ አጥንት ታርታር ትንሽ ሊያነሳ ይችላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ትልቁን የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ እንደ ቅርፊት ሰንጥቆ ያነሳዋል። የጥርሱ ውስጠኛ ክፍል ከተጋለጠ ሥሩ መግል ይቋጥርና ከዓይን ሥር ያብጣል። መለኪያው ይህ ነው፦ በአውራ ጣት ጥፍር ተጭናችሁት ትንሽም ካልጎደጎደ ለውሻ ጥርስ ጠንካራ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ይሰነጠርና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ሳያደነዝዙ መፋቅ

ከሁሉም አማራጮች ዋጋ የማያወጣው ይኼ ነው። ውሻው ተይዞ ጥርሱ በስለታም ብረት ይፋቃል። ሲጨርሱ ነጭ ይሆናል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ማደንዘዣ ስለሌለው «አደጋ የለውም» ይባላል። ግን በሽታው ያለው ከድዱ ሥር ነው፣ ነቅቶ የተቀመጠ ውሻ እዚያ ብረት አያስገባም። የተፋቀው ጥርስ ካልተወለወለ ገጹ ይሻክራልና ፕላክ ቶሎ ይለጥፋል። በመሃል ጭንቅላቱን ካወዛወዘ ድዱ ወይም ምላሱ ይቆረጣል፣ የሰራተኛው ጣትም ይነከሳል። የአሜሪካ የእንስሳት ጥርስ ሕክምና ኮሌጅም ይህን አሠራር በግልጽ ይቃወማል።

ትልቁ ጉዳቱ ማታለሉ ነው። ጥርሱ ነጭ ስለሆነ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ አያስብም፣ አጥንቱ ግን ከሥር መበላቱን ይቀጥላል። በራሳችሁ ጥፍር መቁረጫ ወይም የብረት መፋቂያ ቤት ውስጥ መሞከርም ከዚህ አይለይም።

በሙሉ ማደንዘዣ ማሳጠብ

ድዱ ከታመመ ሥራው ይኼ ነው። በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ሁለት ክሊኒክ በአንድ ስም የተለያየ ነገር ሊሸጡላችሁ ይችላሉ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ልቡን ያዳምጣል። ትንንሽ ዝርያዎች ሲያረጁ የልብ በር ችግር ይበዛባቸዋል። የኩላሊት፣ የጉበትና የደም ማነስ ምርመራ ይደረጋል። የደም ማነስን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ የእኛ ቤት ውሻ ደግሞ የወጥ ትርፍራፊ ይበላል። ውሻችሁ ወጥ የሚበላ ከሆነ ሳታፍሩ ንገሩ።

ከዚያ ክንዱ ላይ መርፌ ተተክሎ ይደነዝዛል፣ የመተንፈሻ ቱቦም ይገባለታል። ይህ ቱቦ ዋናው ነገር ነው። ጥርሱን የሚያጥበው መሣሪያ ውሃ ይረጫል፤ ያ ውሃ ከባክቴሪያው ጋር ሳንባ እንዳይገባ የሚከለክለው ጫፉ ላይ የሚነፋው ፊኛ ነው። መርፌ ብቻ ወግተው ያለ ቱቦ የሚያጥቡ ካሉ ሳንባው ጥበቃ የለውም። በመቀጠል ከድዱ በላይም በታችም ይታጠባል፣ እያንዳንዱ ጥርስ በቀጭን መለኪያ ይለካል። በጤነኛ ውሻ የድዱ ኪስ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ራጅ ካለ ሥሩ ይታያል። መዳን የማይችል ጥርስ ይነቀላል፣ የቀረው ይወለወላል።

አደጋ አለው? አዎ፣ ማደንዘዣ መቼም ከአደጋ ነጻ አይደለም። ትንሽ ውሻ ላይ ሁለት ነገር ይከፋል። ሰውነቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ በተለይ ፀጉሩ በውሃ ከራሰ። በጅማ ክረምት፣ ዝናቡ ጠዋት ማታ ሲወርድ፣ ክፍሉ ራሱ ብርድ ነው። በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ ያለበት ላስቲክ ወይም ሌላ ማሞቂያ መኖር አለበት። ሁለተኛው የደም ስኳር ነው። ሁለት ኪሎ የማትሞላ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ስትጾም ስኳሯ ሊወርድ ይችላል፤ ስንት ሰዓት ትጹም የሚለውን ሐኪሙ ይወስን እንጂ በግምት አታድርጉት። እንደ ፔኪኒዝና ሺ ዙ ያሉ አፍንጫ ደፍጣጦች ደግሞ ሲነቁ ነው የሚያስቸግሩት። ቱቦው በደንብ እስኪነቁ አይወጣም፣ ሰውም ከአጠገባቸው አይለይም።

ዕድሜ ራሱ በሽታ አይደለም። የአሥር ዓመት ውሻ ምርመራው ደህና ከሆነ ይታጠባል። የበሰበሰ ጥርስ ይዞ መኖሩ ነው የሚያሰቃየው።

ጅማ ወይስ አዲስ አበባ?

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ አጠገባችን ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተ የግብርና ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሚያየው በአብዛኛው ላም፣ በሬ፣ በግና የጋሪ ፈረስ ቢሆን አይገርምም። ያ ማለት ግን የትንሽ ውሻ ጥርስ አይነኩም ማለት አይደለም። ጥሩ ማደንዘዣ የሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም ካለ አብዛኛው ሥራ ይሠራል። ከተማ ውስጥ ያሉ የግል ክሊኒኮችም እንዲሁ ይጠየቁ። ጥያቄው ነው ወሳኙ። «ጥርስ ታጥባላችሁ?» አትበሉ፣ መልሱ «አዎ» ነው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ለሦስት ኪሎ ውሻ የሚሆን የመተንፈሻ ቱቦ አላችሁ? አንዱ ሲያጥብ ልቡንና ትንፋሹን የሚከታተል ሌላ ሰው አለ? ከድዱ ሥር ታጥባላችሁ ወይስ የሚታየውን ብቻ? መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ? የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ ከተማ ቀልድ አይደለም፣ ማጠቢያውም ኦክስጅን ማምረቻውም በመብራት ነው የሚሠሩት።

ዋጋ ስታወዳድሩ የደም ምርመራው፣ ነቀላው፣ የሕመም ማስታገሻው ውስጡ አለ ወይ በሉ። ርካሽ የመሰለው ከነቀላ በኋላ ከውዱ ሊበልጥ ይችላል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የተጨበጠ መልስ ካገኛችሁ ጅማ ይሻላል፣ እኔ ብሆን አላመነታም። የሚያውቃችሁ ሐኪም ቅርብ ነው፣ ማታ ቢደማ በባጃጅ ትደርሳላችሁ። አዲስ አበባ መሄድ የሚያዋጣው ራጅ የግድ ሲሆን፣ ብዙ ጥርስ መነቀል ሲኖርበት፣ መንጋጋ ተሰብሮ ከሆነ፣ ወይም ልቡ ችግር ካለበት ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሌላው አማራጭ ነው፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

መንገዱ ግን ይታሰብበት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመሃል የጊቤ በረሃ አለ። አፍንጫ ደፍጣጣ ውሻ በሙቀት ቶሎ ይታፈናል። በሌሊት ተነሱና ቆላውን ፀሐይ ሳይጠነክር እለፉት። ውሃ ያዙ፣ መስኮት ክፈቱ። ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከታጠበ በኋላም ያኑ ቀን አትመለሱ፤ ማደንዘዣው ያልለቀቀውን ውሻ ሚኒባስ ውስጥ አንገቱ ታጥፎ ማስተኛት አደገኛ ነው።

ከታጠበ በኋላ

ማታ ትንሽ ለስላሳ ምግብ ይበላል። ጥርስ ከተነቀለ ለአሥር ቀን ወይም ለሁለት ሳምንት ጠንካራ ነገር አይሰጥም። ምራቁ ላይ ቀላ ያለ ነገር በመጀመሪያው ቀን ቢታይ አትደንግጡ፤ ደሙ እየጠራ ሳይሆን እየበዛ ከሄደ ደውሉ።

ከፋርማሲ በራሳችሁ መድኃኒት አትግዙ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻሉ፣ ለትንሽ ውሻ አንድ ፍሬ ራሱ ብዙ ነው። አንቲባዮቲክም ሐኪም ካላዘዘ አያስፈልግም። ሽታው ለሳምንት ይጠፋና ይመለሳል፣ የበሽታው መንስኤ ጥርሱ ላይ እንዳለ ነውና።

ብሩሹን ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ሐኪሙ ካየው በኋላ ጀምሩ። የታጠበ ጥርስ ላይ ፕላክ በሰዓታት ውስጥ መለጠፍ ይጀምራል። ቀጣዩን ምርመራ ትንሽ ውሻ ላይ በስድስት ወር ያዙት፣ ክትባቱ ከሚታደስበት ቀን ጋር አንዱን ብታጋጥሙት አይረሳም።